ሠላሳ ወር ስንት ክረምት ነው?

በገጠር ዘመን የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሆነው ነገር ነው። ከላሊበላ ወጣ ብላችሁ በቡግና ወይም በመቄት በኩል አንድ አባት አግኝታችሁ «የበኩር ልጅዎ መቼ ተወለደ?» ብትሏቸው ዓመተ ምሕረት አይጠሩላችሁም። «በድርቁ ጊዜ»፣ «ሰው ለሠፈራ በተወሰደበት ዓመት»፣ «ብሔራዊ በተጀመረ በዓመቱ» ነው የሚሏችሁ። እኔ ሽማግሌ ባገኘሁ ቁጥር ዕድሜ መጠየቅ ልማዴ ነው። ከመልሶቹ ሁሉ ቆም የሚያደርገኝ ግን «ብሔራዊ» የምትለዋ ቃል ናት። ብሔራዊ ምን? መዝሙር አይደለም፤ ባንክም አይደለም። ብሔራዊ ውትድርና ነው። ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ቆርጦ ጥሎታል፤ ሳይባልም ስለሚግባባ።

ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ስለ ጀግንነትም ስለ ሽንፈትም አይደለም። አንዲት ደረቅ የሕግ ጥያቄ ነች። ወታደር የሆነ ሰው እስከ መቼ ነው ወታደር የሚሆነው? «ይህን ያህል ወር አገልግለኝ» ብሎ የወሰደው መንግሥት «አገር ችግር ላይ ናትና ገና ነህ» ሲለውስ፣ በቃ የሚለው ማን ነው? ጥያቄዋ ደረቅ ትመስላለች እንጂ በውስጧ እርሻ አለ፣ ትዳር አለ፣ ልጅ አለ፤ ተዝካር ሳይቀር አለ።

ከጥንቱ እንነሣ። «ክተት ሠራዊት፣ ምታ ነጋሪት» ሲባል ባላባቱ ጭፍራውን፣ ገበሬው ስንቁን ይዞ ይወጣል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ደመወዙ መሬት ነበር። ስንት ወር እንደሚዘምት የሚናገር ወረቀትም የለም። ታዲያ ገደብ አልነበረውም ማለት ነው? ነበረው እንጂ! ገደቡ ሁለት ነገር ነበር፤ ስንቅና ክረምት። ስንቁ ያለቀበት ሠራዊት ወይ ባላገሩን ይዘርፋል ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተከዜ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ መሬቱም ባለቤቱን ይጣራል። ንጉሥ በነጋሪት ሰውን መጥራት ይችላል፤ ዝናብን ግን ቆይ ሊለው አይችልም።

ትልቁን ምሳሌ ዓድዋን ውሰዱ። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ድረስ መጥቶ እንዲገኝ ነበር ያዘዙት። ወረኢሉ ወሎ ነው። የዋግና የላስታ ሰው በዋግሹም ጓንጉል ሥር ሆኖ ተቀላቀለ። ከዚያ አምባላጌ፣ ከዚያ መቀሌ፣ ከዚያ ዓድዋ። እስከ የካቲት ድረስ ሠራዊቱ አምስት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረው። የዚያን ጊዜ ታሪክ ያጠኑ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ በየካቲት አጋማሽ ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር። ጄኔራል ባራቲዬሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ሠራዊቱ በረሃብ ምክንያት ሰፈሩን ነቅሎ ይነሣ ነበር። አልታገሠም፤ የካቲት 23 የሆነው ሆነ። እኔ ከዚህ የምወስደው ቁም ነገር ይህ ነው፤ በዓድዋ ጊዜ እንኳ፣ ያን ያህል የተከበረ ንጉሠ ነገሥት፣ ያን ያህል የተቆጣ ሕዝብ ይዞ፣ የዘማቹን ጊዜ እንደ ልቡ ማራዘም አይችልም ነበር። የማራዘሙ ሥልጣን በዘማቹ አቁማዳ ውስጥ ነበር።

ክረምትን የደፈረም አለ። የዋግና የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ የገጠሙት በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ! የላስታ ገበሬ ሐምሌ ላይ የት መገኘት እንዳለበት የማያውቅ አንባቢ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ካሣ ምርጫም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ሽንፈቱን ያመጣው ክረምቱ ነው አልልም። በዚያ ሐምሌ ግን የስንቱ ማሳ ጦሙን አድሮ ይሆን ብዬ አስባለሁ። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን የሞተውን ነው የሚቆጥሩልን፤ ሳይታረስ የቀረውን አይቆጥሩልንም።

ሌላ ዓይነት መራዘምም አለ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ሠራዊቱ ከተፈታ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን ቀልብሰው ላሊበላ ወረዱ፤ ጸለዩና ሄዱ። ሠራዊቱን ያሰናበተ አካል የለም፤ የተረፈው ራሱን በራሱ አሰናብቶ ወደየቤቱ ገባ። በሕግ ካያችሁት ግዳጁ አብቅቷል፤ ንጉሡም ከአገር ወጥተዋል። የዋግና የላስታ ሰው ግን በ1929 ዓ.ም. በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት በጣልያን ላይ ተነሣ፤ ደጃዝማቹም በዚያው ትግል ወደቁ። ማን አዘዛቸው? ማንም። አርበኛው ጊዜውን ያራዘመው ራሱ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ሰው ራሱ ያራዘመው ግዳጅና ሌላ ያራዘመበት ግዳጅ በስም አንድ ናቸው፤ በነገሩ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ደርግ ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. «የእናት አገር ጥሪ» ሲያሰማ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሺያ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። ጥሪው ለአንድ ጊዜ ችግር ነው፤ ወራሪ መጥቷል፣ ወራሪውን መልሱ። ገበሬው መለሰ። የሶማሊያ ጦር በመጋቢት 1970 ዓ.ም. ከኦጋዴን ወጣ። እንግዲህ የተጠራበት ነገር አልቋል፤ ሚሊሺያውም ወደ በሬው መመለስ ነበረበት። ሶማሊያ ተመለሰች፤ ሚሊሺያው ግን አልተመለሰም። ብዙው ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤርትራ ነው የተጫነው። አዲስ አዋጅ አልታወጀም፤ አዲስ ጥሪ አልተሰማም። አሮጌው ጥሪ ብቻ ተዘረጋ፤ እንደ ጎማ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ሕግ ተለወጠ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 236 ወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ኢትዮጵያዊ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመቱ ድረስ ተጠባባቂ ሆኖ ይመዘገባል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዓለም የተለየ ነገር የለውም፤ ብዙ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ነበረው፣ ዛሬም ያለው አለ። ስድስት ወርና ሃያ አራት ወር ሠላሳ ወር ነው።

ልብ በሉ፤ ሠላሳ ወር ለከተማ ሰው ሠላሳ ወር ነው። ለላስታ ገበሬ ግን የሚቆጠረው በክረምት ነው። በጥር የተወሰደ ልጅ በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ነው የሚመለሰው። ሁለት ሙሉ ክረምት አለፈው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከተጀመረ በኋላ ደረሰ። አንድ ወር ብትጨምሩበት ሦስተኛውም ዘር ያመልጠዋል። ላስታ ውስጥ ብዙው ሰው ያለው አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ወንድየው ከሄደ መቀናጆው ፈረሰ ማለት ነው። ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አገር ሚስቲቱ ያላት ምርጫ መሬቱን ለእኩል መስጠት ነው፤ ምርቱ ከመነሻው ለሁለት ይከፈላል። የገበሬ ማኅበሩ የዘማችን ማሳ በጋራ እንዲያርስ ይጠበቅ ነበር፤ አንዳንዱም አርሷል። ዳሩ ግን ሰው የሌላውን የሚያርሰው የራሱን ካረሰ በኋላ ነው፤ ክረምት ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተጨመረች አንዲት ወር፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ስትደርስ አንድ ዓመት ትሆናለች።

በተግባርስ ሠላሳ ወሩ ተከበረ ወይ? አልተከበረም። ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመጣል፤ ሊቀመንበሩ ይሞላል። መሙላት ያቃተው ሊቀመንበር የሚያደርገውን ለናንተ አልነግራችሁም፤ ጠበኛውን፣ ድሃውን፣ ዘመድ የሌለውን ነው የሚጽፈው። በኋላ «አፈሳ» የሚባል ቃል ተፈጠረ። እህል እንደሚታፈሰው ሰው ታፈሰ። ወጣት ወንድ ገበያ መውጣት ፈራ። አንዴ የሄደው ደግሞ ሠላሳ ወሩን ቢጨርስም ግንባሩ ካልለቀቀው ብዙ ጊዜ የስንብት ወረቀት አያገኝም። ዓመቱ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ይሆናል። ደግሞስ ተሰናበተ እንበል፤ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው። በ21 ዓመቱ የጨረሰ ልጅ ለ29 ዓመት መጠራት የሚችል ወታደር ነው። ሕጉ በፊት ለፊት በር አስወጥቶ በጓሮ በር ያስገባዋል።

ዘመኑንም አስታውሱ። አዋጁ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ 1977 ዓ.ም. መጣ። ወሎ ረሃብ የሚለው ቃል ብቻውን የማይበቃው ዓመት ነው። ኮረም ላይ ሰው በየሌሊቱ ይረግፍ ነበር። ላሊበላም በዚያው ዓመት በጥቅምት በአማጽያን እጅ ገብታ ነበር። ዝናቡ የጠፋው በብሔራዊ ውትድርና ምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብናገር ይፈረድብኛል። ግን ድርቅ የመጣበት ቤት ጎልማሳ ሲኖረውና ሲጎድለው አንድ አይደለም። ጎልማሳ ያለው ቤት ቢያንስ አህያ ጭኖ እህል ፍለጋ ይሄዳል፤ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ራያ ቆላ ይወርዳል። ጎልማሳው ናቅፋ ላይ ምሽግ ውስጥ ያለ ቤት ግን ተቀምጦ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ።

ሌላም መጠበቅ አለ። ልጁ የሞተበት አባት መርዶ ይነገረዋል፤ ያለቅሳል፣ በአርባው ተዝካር ያወጣል፣ ይጽናናል። የዘመተው ልጅ ወሬው የጠፋበት አባትስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲነገርለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሁለት ዓመት! ሠላሳ ወር ደግሞ ከሁለት ዓመት ይበልጣል። ደብዳቤ የማይጽፍ ዘማች፣ ጊዜው የተራዘመበት ዘማችና የሞተ ዘማች ከቤተሰቡ አንጻር ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ዝም ያሉ ናቸው። ሚስት ናት ወይስ መበለት? ታግባ ወይስ ትጠብቅ? የግዳጅ ጊዜ ቁርጥ ያለ መጨረሻ ሲኖረው ቤተሰብ ቢያንስ መጨነቅ የሚጀምርበትን ቀን ያውቃል። መጨረሻው ሲራዘም የሚራዘመው ውትድርናው ብቻ አይደለም፤ ጭንቀቱም ነው።

እየቆየ ጨዋታው ከረረ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ተያዘ፤ መንግሥት «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» አለ፤ በግንቦት በኤርትራና በትግራይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየካቲት 1981 ሽሬ ወደቀ። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ገባ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ በ1983 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ወራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ አንሥቶ ብላቴ ማሠልጠኛ አስገባ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ተማሪዎቹ ገና ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተሰደዱ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ተያዘች። ሥልጣኑን ማራዘም ያቃተው መንግሥት የሰውን ግዳጅ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ሲያራዝም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተበተነው የደርግ ሠራዊት ከ450 ሺህ በላይ ነው። አዲሱ መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት ማቋቋሚያ ኮሚሽን አቋቁሞ ብዙውን ወደየቀዬው ሸኘ። የዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ የነበረ ሰው ያየውን አይረሳም፤ ባዶ እግሩን፣ ኮዳውን ይዞ፣ እየለመነ ወደ አገሩ የሚሄድ ሰው። ሕዝቡም አበላው። የስንብት ወረቀቱን የሰጠው መንግሥት ሳይሆን የየመንገዱ እናቶች እንጀራ ነበር።

እንግዲህ «ታዲያ አገር ስትወረር መንግሥት ወታደሩን ጊዜህ ሞልቷል ብሎ ይልቀቅ ነው የምትለው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አላልኩም። ጦርነት በቀን መቁጠሪያ አይሄድም። የለመደውን ወታደር በጦር መካከል ሸኝቶ ያልለመደውን መተካት ሁለቱንም ማስገደል ሊሆን ይችላል። መንግሥት በአደጋ ጊዜ ግዳጅ የማራዘም ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ይህንን የሚክድ የዋህ ነው። ጥያቄው ሥልጣኑ ይኑር አይኑር አይደለም። በማን እጅ ይሁን፣ እስከ መቼ ይሁን፣ ዋጋውን ማን ይክፈል ነው።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት እንይ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 ወጣቶችን ለ12 ወር ብቻ ብላ መለመለች። በዓመቱ ዓለም እየነደደ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜው ይራዘም አሉ። ምልምሎቹ ተቆጡ፤ በጥቅምት እንጠፋለን እያሉ በየግድግዳው ይጽፉ ጀመር። ጉዳዩ ምክር ቤት ገባ። ነሐሴ 1941 እ.ኤ.አ. ድምፅ ተሰጠና 203 ለ202 ሆነ። በአንዲት ድምፅ! ጊዜው በ18 ወር ተራዘመ። አራት ወር ሳይሞላ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። ማራዘሙ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ግን ትክክል የሆነውን ነገር እንኳ አንድ ሰው ብቻውን አልወሰነውም። 202 ሰዎች እምቢ ብለው ማንም አላሰራቸውም። እንደገና በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ ውላቸው ያለቀ ወታደሮችን ይዘው አቆዩ፤ ቅሬታው ሲበዛ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ለእያንዳንዷ የተራዘመች ወር 500 ዶላር ለመክፈል ሕግ ወጣ። ገንዘቡ ዕድሜ አይመልስም። ቢሆንም መንግሥት «ካንተ የወሰድኩት ነገር አለ» ብሎ ማመኑ ራሱ ቁም ነገር ነው።

ጎረቤታችን ኤርትራ ደግሞ ሌላውን መንገድ ታሳየናለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አዋጅ ግዳጁን 18 ወር አድርጎ፣ በክተት ጊዜ ግን ሊራዘም እንደሚችል ደነገገ። በ1990 ዓ.ም. ከእኛ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ ተራዘመ። በ1992 ዓ.ም. ውጊያው ቆመ፤ አላጠረም። በ2010 ዓ.ም. ሰላም ወረደ ተባለ፤ አሁንም 18 ወሩ አልተመለሰም። ልጅ ሆኖ ገብቶ ሸብቶ ያለ ሰው አለ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ በሕጉ ውስጥ ለአደጋ ጊዜ ተብላ የተተወችው ቀዳዳ ሕጉን በሙሉ ዋጠችው። በሽማግሌ ቀርቶ በሕፃን ዓይንም ልዩነቱ ይታያል፤ አንዱ ጋ የተራዘመው ጊዜ ቁጥር ነበረው፣ ሌላው ጋ ቁጥር አልነበረውም። ዩክሬንም በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የክተት ሕግ ላይ ከ36 ወር በኋላ ወታደር ይሰናበት የሚለው አንቀጽ በመጨረሻው ሰዓት ወጥቶ ቀርቷል። የተወረረች አገር ናት፤ ጭንቀቷ ይገባኛል። የወታደሮቹ ሚስቶች አደባባይ ወጥተው «እስከ መቼ?» ማለታቸውም ይገባኛል።

ወደ እኛው እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ዜጎች ሁሉ ይዝመቱ አይልም። አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዳጅ ሥራ አይሠራም ይላል፤ ከዚያ የተለዩ ነገሮችን ይዘረዝራል። አንዱ፣ የማኅበረሰቡን ሕይወት ወይም ደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ ሲደርስ የሚታዘዝ አገልግሎት ነው። ሌላው ደግሞ የሚገርም ነው፤ ኅሊናው ውትድርናን ለማይቀበል ሰው በምትኩ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ደግሞ አንቀጽ 93 አለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸደቀው እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ እንደገና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚታደሰው። አንቀጽ 18 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ከማይነኩት አንዱ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ደስ የሚለኝ ነገር ቁጥሩ ነው። 48 ሰዓት፣ 15 ቀን፣ 6 ወር፣ 4 ወር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ ነገር እንደ ጎማ እንዳይዘረጋ» ብሎ አስቦበታል።

ይህ ሕግ ላስታን በቅርቡ ሁለት ጊዜ ጎብኝቷታል። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለውትድርና ዕድሜው የደረሰና የጦር መሣሪያ ያለው ዜጋ ወታደራዊ ሥልጠና እንዲወስድ፣ ግዳጅ እንዲቀበል ወይም መሣሪያውን እንዲያስረክብ የማዘዝ ሥልጣን ተሰጠ። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ተመለሰች፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና ተያዘች፣ በሳምንት ገደማ ውስጥ እንደገና ተመለሰች። አዋጁ ደግሞ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ስድስት ወሩ ሳይሞላ በምክር ቤቱ ተነሣ። ይህ መመስገን አለበት፤ በታሪካችን ጊዜው ሳይሞላ የተነሣ የግዳጅ አዋጅ ብዙ አላየንም። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ይኼኛው በጥር 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዝሞ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ጊዜው አበቃ።

አዋጁ ሲያበቃ ግን አንድ ሰው ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ክላሹን ይዞ ወጥቶ፣ አንዳንዱ በመንግሥት ጥሪ፣ አንዳንዱ በራሱ ፈቃድ፣ ተራራ ላይ ያደረ ገበሬ። እዚህ ላይ ነው ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁ ልዩነት የሚመጣው። በራሱ ፈቃድ የወጣና ታዝዞ የወጣ ሰው እኩል ይደማሉ፤ እኩል ግን አይመዘገቡም። የትኛው ነው በሕግ ዘማች የሚባለው? ያገለገለበትን ቀን የመዘገበለት ማን ነው? ቢቆስል የጡረታ ደብተሩ የት አለ? «ጨርሰሃል፣ እናመሰግናለን፣ ወደ ቤትህ ሂድ» የሚል ወረቀት በእጁ ያለው ስንቱ ነው? አዋጅ ማብቂያ ቀን አለው። ሰው ላይ የተጣለው ግዴታ ግን ማብቂያው በወረቀት ካልተጻፈለት፣ ያ ሰው ግማሹ ወታደር ግማሹ ገበሬ ሆኖ ይቀራል። ለአገርም ለራሱም እንዲህ ያለ ሰው አደጋ ነው። በየዘመኑ ያየነውም ይኸው ነው፤ ሳይሰናበት የቀረ ዘማች የሚቀጥለው ግርግር ሲነሣ የመጀመሪያው ተጠሪ እሱ ነው።

ላሊበላ ካህናት የሞሉባት ከተማ ናትና ኦሪትንም ልጥቀስ። በዘዳግም ላይ ሕዝቡ ለጦር ሲወጣ አለቆቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። አዲስ ቤት ሠርቶ ያልገባበት፣ ወይን ተክሎ ያልበላለት፣ ሚስት አጭቶ ያላገባ ሰው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይነገረዋል። አዲስ ያገባ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ጦር አይወጣም፤ ሚስቱን ደስ ያሰኝ ይላል። ያ ሕግ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ለነበረ፣ ዙሪያውን በጠላት ለተከበበ ትንሽ ሕዝብ የተሰጠ ነው። አደጋው ከእኛ ያነሰ አልነበረም። ግን ጦርነት ላይ ሆኖም ሰውየው ቤት እንዳለው፣ እርሻ እንዳለው አልረሳም።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ግዳጅን የማራዘም ሥልጣን በቢሮ ደብዳቤ ሳይሆን እንደ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በተወካዮች ፊት፣ በድምፅ፣ በተቆጠረ ወር ይሁን፤ የተራዘመው ሁሉ መልሶ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ የተራዘመች እያንዳንዷ ወር ዋጋ ይኑራት። ለገበሬ ዋጋው የግድ ብር አይደለም፤ ሐምሌ ላይ የሚያርስለት ጥማድ ነው፤ ማሳው በሰዓቱ እንዲዘራ የሚገደድ ቀበሌ ነው። ሦስተኛ፣ ለዘመተ ሰው ሁሉ፣ ታዝዞም ይሁን ወዶ፣ የወጣበትና የጨረሰበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠው፤ ለጠፋውም ለቤተሰቡ ቁርጡ ይነገር። መርዶም ቢሆን መብት ነው።

ከሦስቱ የቱም የአገርን መከላከያ አያዳክምም። እንዲያውም ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ሲጠሩት ቶሎ ይወጣል። የማይመለስ የሚመስለው ነው ወደ ዋሻ የሚገባው። በ1975 ዓ.ም. አዋጅ የወጣ ጊዜ ብዙ ልጅ ሠላሳ ወሩን ቆጥሮ ነበር የሄደው። የሠላሳ አንደኛውን ወር ጥያቄ የመለሰለት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያ ትልቅ ሠራዊት በመጨረሻው ሰዓት ወደ ቤቱ ለመሄድ ያን ያህል ባልቸኮለ ነበር ብዬ አምናለሁ።